በግራ የተጠመደው በሬ

አባቴ የግራ በሬውን ያጣው በሬው እዚያው አጠገቡ ቆሞ እያመነዠከ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ፤ እኛም የዚያን ዕለት የጀመርነው በሳቅ ነበር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ዱባይ ወርጄ የሰው ቤት ሠርቼ ተመለስኩ። ደብረ ታቦር መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቤት ከፈትኩና ሰልችቶኝ ዘጋሁት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «አንች ልጅ፣ የምትቀመጭበት ሁሉ እሾህ ነው ወይ?» ትለኛለች። እንደገና አረብ አገር ለመሄድ ወስኜ ቤተሰቦቼን ልሰናበት ነበር ወደ አገር ቤት የወጣሁት። ቤታችን ከገሳይ ወደ ጉና በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ከአስፋልቱ ተወርዶ በእግር ይኬዳል።

አባቴ አበጀ ይባላል። ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ግን የያዘውን የማይለቅ። አንድ ጎረቤታችን ለሥራ ወደ መተማ ሲወርድ አንዲት በግ አደራ ሰጥቶት ነበር። እኛ ፋሲካን ያለ ሥጋ ስንውል በጓ እበራችን ላይ ትጮሃለች። እናቴ «ከልጆችህና ከሰው በግ ማን ይበልጥብሃል?» ብትለው «ልጆቼ የኔ ናቸው፤ በጓ ግን የሰው ናት» አላት። ሰውየው ሲመለስ ከነግልገሎቿ አስረከበው።

በሬ ያለው ግን አንድ ብቻ ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከጎረቤታችን ከአያ ደሴ ጋር መቀናጆ ነበሩ፤ የሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእነሱን ያርሳሉ። የእኛ በሬ ሁልጊዜ በግራ፣ የአያ ደሴ ሁልጊዜ በቀኝ። በሬ ጎኑን ከለመደ ቢገድሉትም አይለውጥም። በሬዎቹ አርጅተው በሌላ ቢተኩም ስማቸውና ጎናቸው አልተለወጠም፤ የግራው ቡሬ፣ የቀኙ ዳልቻ። አያ ደሴ ወሬኛና ቀልደኛ ነው። አባቴ አይስቅም፤ ግን አያ ደሴ ካልመጣ እራት አይበላለትም። እናቴ «አበጀ እኔን ያገባኝ ለእሑድ እሑድ ነው፤ የቀረውን ቀን የደሴ ሚስት ነው» እያለች ታሾፍ ነበር።

ጊዜው ሰኔ ነው፤ ገብስ የሚዘራበት። በደረስኩ ማግስት፣ ማለዳ፣ አባቴ ከመደብ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል አየሁት። ጋቢውን በቀኝ ትከሻው ብቻ ጣል አድርጎታል፤ የግራው ጫፍ መሬት ይጠርጋል። የቀኝ እግሩ ኮንጎ ጫማ አጥልቋል፤ የግራው ባዶ ነው።

«ሌላኛውን እግርህን ለማን ሰጠኸው?» አለችው እናቴ።

«ምኑን?»

«ጫማህን ነዋ።»

ወደ ታች አየና «ተጫምቻለሁ እኮ» አላት፤ ከምሩ ነው። እናቴ እየሳቀች ተንበርክካ አጠለቀችለት። «አርጅተሃል፣ በል ና ብላ።»

እንጀራ በሽሮ ቀረበለት። በላ። የእንጀራው የቀኝ እኩሌታ ጥርግ ብሎ አለቀ፤ የግራው እኩሌታ ከነሽሮው እንዳለ ቀረ። መሐሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ከዚያ እጁን አራግፎ «ወለላ፣ ምነው ዛሬ ቀነስሽብኝ? እርሻ እኮ ነው የምውል» አላት።

«ሰውየው ዛሬ ምን ነክቶታል? ይኸው ፊትህ!»

«ባዶ ሰሃን እያሳየሽ ትቀልጃለሽ?» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። እናቴና እኔ ተያየን። «እራሴን ያመኛል ሲል ነበር ያደረ» አለች። ተከትዬው ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት መቀመጥ ስለማልችል።

አያ ደሴ ማሳው ላይ ቀድሞን ደርሷል። በዚያ ሳምንት በሬዎቹ የሚያድሩት እሱ ቤት ስለነበር ሁለቱንም ነድቶ አምጥቶ ጠምዷቸዋል። አባቴ ከኋላ መጥቶ እርፉን ሊይዝ ጎንበስ አለና ቀና አለ።

«ደሴ፣ ቡሬስ?»

«ቡሬ? አንተ ቁርስ ላይ ስትቆይበት ጊዜ ሌላ አራሽ ሊፈልግ ሄደ» አለ አያ ደሴ። በአጠገቡ ያሉት ማሳዎች ላይ የሚያርሱ ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አባቴ አልሳቀም። «አንድ በሬ ጠምደህ ነው ና የምትለኝ? የኔ በሬ የት አለ?»

«ዓይንህን እሸው እንጂ። ቡሬ በጅራቱ ሊገርፍህ ምንም አልቀረው።»

እውነቱን ነው። ቡሬ በአባቴ ግራ በኩል ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሟል። አባቴ ግን ዳልቻን ብቻ ነው የሚያየው። ቀንበሩን በዓይኑ ከቀኝ ጀምሮ ይከተልና መሐል ሲደርስ ያቆማል፤ ቀንበሩ እዚያ ያለቀ ይመስል።

አያ ደሴ አሁንም ጨዋታ መስሎታል። ክንዱን ይዞ እየጎተተ ከበሬዎቹ ፊት ለፊት አቆመው። «በል እይ። ይህስ ማነው?»

አባቴ አየ። ፊቱ በራ። «ቡሬ» አለ። እጁን ሰዶ ግንባሩን አሻሸው። ሁላችንም እፎይ ልንል ስንል ፊቱ ጠቆረ። ዞር ብሎ አያ ደሴን አየው።

«አሁን ደግሞ ዳልቻን የት አደረስከው?»

ያኔ ሳቁ ቆመ።

ገባችሁ? ከፊት ሆኖ ሲያይ በግራ የተጠመደው ቡሬ ወደ ቀኙ መጣ፤ በቀኝ የነበረው ዳልቻ ደግሞ ወደ ግራው ሄዶ ጠፋ። እኛ ግን ያኔ ይህን አላወቅንም። ያየነው አንድ ጤነኛ ሰው ከሁለት በሬ አንዱ ብቻ ሲታየው ነው። አባቴም የገባው በራሱ መንገድ ነው። «አንዱን ስታወጣ አንዱን ትሰውራለህ» አለ። «አያትህ ደብተራ ነበሩ፤ መሰወሪያ ያውቁ ነበር ሲባል ስሰማ ስምህን አላነሣም ብዬ ዝም እል ነበር። ለካ አስተምረውሃል።»

በእኛ አገር ለሰው እንዲህ አይባልም። አያ ደሴ ጅራፉን ከእጁ ጣለ።

«አበጀ፣ ይህን ከምርህ ነው የምትለው?»

«ከምሬ ነው። በሬዬን ካልመለስክ፣ ሰዎች ስሙ» አለና ጮክ አለ፤ «ደሴን በግዝት ገዝቻለሁ። በቁሜ ከቤቴ እንዳይገባ፣ ስሞትም ከቀብሬ እንዳይቆም።»

ይህን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ገዝቶ ግዝቱን ሳያነሣ ከሞተ የተገዘተው ሰው ቀብሩ ላይ አይቆምም። ማንም አይሽረውም፤ ልጆችም ቂሙን ይወርሱታል። ሊያነሣው የሚችለው ራሱ የገዘተው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በሕይወት እያለ። መላ ዕድሜውን አብሮ ያረሰ ሰው ከአጥር ውጪ ቆሞ የወንድሙን ቀብር በሩቅ እንዲያይ ተፈረደበት ማለት ነው።

አባቴ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ሄደ። የግራ እግሩ ይጎተታል። ከማሳው ጫፍ ያለውን ቦይ ሊሻገር ሲል የግራ እግሩ ከኋላ ቀረበትና ወደቀ። ልናነሣው ሮጥን። አፉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። «ማን ገፋኝ?» አለ።

ቤታችን ሞላ። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ይህ የተደረገበት ነገር ነው። ያሰረው ሰው ይፍታው። ደሴን አምጡት።» አንዱ ጠበል ይወሰድ ይላል፣ አንዱ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይነከር ይላል። እናቴ ራስጌው ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ እንደምታውቁኝ ትዕግሥት የለኝም።

«አጎቴ፣ ዱላዎን ያስቀምጡና የቃሬዛውን እንጨት ይያዙ» አልኩት። «ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንወስደዋለን። ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ስንመለስ ይደርሳል።»

«አንች ከአረብ አገር የመጣሽ ሁሉን ታውቂያለሽ?»

«ምንም አላውቅም። የማያውቅ ሰው ግን የሚያውቅ ይጠይቃል።»

አልጋውን አገላብጠን ቃሬዛ አሰርን። ተሸካሚ እየተቀባበለ ቁልቁለቱን ወደ ገሳይ ጀመርን። ከወንዙ በላይ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ሰዎች ሲለዋወጡ አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ የግራውን እንጨት ትከሻው ላይ አደረገ። አያ ደሴ ነው። አጎቴ ከፊት ስለነበር አላየውም።

ተጠጋሁና «አያ ደሴ፣ አባቴ ካየዎት ይብስበታል» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አለኝ። «በዚህ በኩል ከሆንኩ አያየኝም።»

እስከ አስፋልቱ ድረስ ትከሻውን አልለወጠም። አባቴ ዓይኑን ወደ ቀኝ ብቻ ጥሎ ገደሉን እያየ፣ በግራው አያ ደሴ እየተነፈሰ፣ አንዱ ሌላውን ተሸክሞት ወረዱ። ሚኒባስ አገኘን። እናቴና እኔ ከአባቴ ጋር ገባን፤ አያ ደሴ ከሾፌሩ ኋላ ጥግ ይዞ ጋቢውን ተከናነበ። አጎቴ ከብቶች አሉብኝ ብሎ ተመለሰ።

ደብረ ታቦር የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ በዕድሜ ቢበልጠኝ ትንሽ ነው። ዓይኖቹ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል። መረመረው፣ ደም ግፊቱን ለካ፣ እግሩን ነካካ። ከዚያ የአባቴን ግራ እጅ አንሥቶ በዓይኑ ፊት ወደ ቀኝ አመጣና «አባባ፣ ይህ እጅ የማን ነው?» አለው።

አባቴ ትኩር ብሎ አየው። «የደሴ ነው።»

«ደሴ ማነው?»

«በሬዬን የደበቀ ሰው ነው። አሁን ደግሞ እጁን አልጋዬ ላይ ጥሎብኝ ሄዷል። ይከብደኛል፤ አንሡልኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሐኪሙ እጁን ቀስ ብሎ መለሰው። እኔን ወደ በሩ ወሰደኝና ስለ ደም ሥር፣ ስለ አንጎል መናገር ጀመረ።

«በሚገባኝ አማርኛ ንገረኝ» አልኩት።

«አንቱ በይው» አለች እናቴ ከኋላዬ። ሐኪሙ ፈገግ አለ። የዚያን ቀን ያየሁት ፈገግታ እሱ ብቻ ነው።

«አንጎል ሁለት ጎን አለው» አለኝ። «የቀኙ ጎን የሰውነትን ግራ ያዛል። እዚህ ጋ» ብሎ ከቀኝ ጆሮው በላይ ወደ ኋላ ከፍ ያለውን ቦታ ነካ፤ «ፓሪየታል የምንለው ክፍል አለ። የቀኙ ፓሪየታል ሥራው ነገር ሁሉ በየት በኩል እንዳለ፣ የራስሽ አካል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማሳወቅ ነው። የአባትሽ አንድ ደም ሥር ተዘግቶ ያ ቦታ ደም አጥቷል። ስትሮክ ነው።»

«ዓይኑስ?»

«ዓይናቸው ያያል። ያዩትን የሚቀበልላቸው ነው የጠፋው። ለዚህ ነው በሬውን ያጡት።»

«እሺ፣ ዓይኑ ይሳት። ሰው እንዴት የጎደለውን ነገር እንደጎደለው አያውቅም?»

«አሁን ከጭንቅላትሽ ኋላ ያለው ይጨልምብሻል?»

«አይጨልምብኝም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ይታይሻል?»

«ምንም።»

«ለእሳቸው ግራ እንደዚያ ሆኗል። ጨለማ ቢሆን ጨለመብኝ ይሉ ነበር። እሳቸው ዘንድ ግራ የሚባል የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይናፍቅም። ስለዚህ በሬው ከጠፋ ሰው ወስዶታል ማለት ነው፤ እጁም የእሳቸው ካልሆነ የሌላ ሰው ነው። አትከራከሯቸው። እየዋሹ አይደለም፤ አብደውም አይደለም።»

«ይድናል?»

«አንዳንዱ እየተሻለው ይሄዳል። ግን አያሰጋም አልልሽም፤ ሊደገም ይችላል። የምትነግሯቸው ነገር ካለ ንገሯቸው።»

የምንነግረው ነገር አንድ ነበር። እናቴ ሄዳ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «አበጀ፣ በሞቴ፣ ለደሴ ግዝቱን አንሣለት።»

«በሬዬን ያምጣና አነሣለታለሁ።»

«በሬው ቤት ነው ያለው!»

«አየሁት አንዱን። ሌላውስ?» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ወደ አልጋው ተመለሰና ከአባቴ በቀኝ በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባባ፣ አገርዎን አላውቀውም፣ ይንገሩኝ እስቲ። ከቤትዎ በር ቆመው ፊትዎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢያዞሩ በመንገዱ ላይ ምን ምን አለ?»

አባቴ ደስ አለው። ስለ አገሩ መጠየቅ ይወዳል። «ከበራችን ስትወጣ አውድማችን አለ። ከዚያ ምንጩ። ከምንጩ ወረድ ብሎ ትልቁ ወይራ። ከዚያ የቄሰ ገበዙ ቤት። ከዚያ ሚካኤል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? ይኸው ነው።»

የቆጠረው ሁሉ በቀኝ በኩል ያለው ነው። በግራ ያለውን ወፍጮ ቤት፣ እኔ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት፣ የአያ ደሴን ባሕር ዛፍ፣ የአያ ደሴን ቤት አንዱንም አልጠራም። በዓይኑ እያየ አይደለም እኮ፤ በሐሳቡ ነው። በሐሳቡ ውስጥም ግራው ጠፍቷል።

«ጥሩ» አለ ሐኪሙ። «አሁን ቅዳሴ ወጥቶ ከሚካኤል ደጀ ሰላም ቆመዋል እንበል። ፊትዎን ወደ ቤትዎ አዙረው ሲመለሱስ?»

አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ ጀመረ። «ከደጀ ሰላሙ ስትወርድ ትምህርት ቤቱ አለ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ። ከዚያ ባሕር ዛፍ፤ የደሴ ነው፣ አብረን ነው የተከልነው። ከዚያ የደሴ ቤት።» ከዚያ ድምፁ ለስለስ ብሎ «ደሴ ከቅዳሴ ስንመለስ ጠላ ቅመስ ሳይለኝ አያሳልፈኝም። ወንድሜ ነው» አለ።

እኔ እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲያ የማለቅስ አይመስለኝም። ደሴ አልጠፋበትም። ሁሉም እዚያው አባቴ ውስጥ አለ፤ ወይራውም፣ ወፍጮውም፣ ወንድሙም። ብቻ በመሄጃው ደሴ የለም፣ በመመለሻው ደሴ አለ።

ተነሥቼ ወጣሁ። አያ ደሴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ይነሡ» አልኩት። «ይግቡ።»

«ከቤቴ አይግባ ብሏል።»

«ይህ ቤቱ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። በቀኙ በኩል ዞረው ይቁሙ።»

ስንገባ እናቴ ተነሣችለት። ወደ አልጋው ከመድረሱ በፊት ሐኪሙ የሆነውን በሁለት ቃል ነገረው፤ ግራ እጃቸውን የደሴ ነው እንደሚሉ፣ እንዳይከራከራቸው። አያ ደሴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያደረገውን ማንም አላዘዘውም፤ የገዛ ራሱን ግራ እጅ ጋቢው ውስጥ ሸሸገ።

«እንደምን ዋልክ፣ አበጀ?»

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። «መጣህ?»

«መጣሁ።»

«በሬዬን አመጣህ?»

«ሣር እየበላ ነው።»

«ውሸታም። ከውሸትም ውሸት፣ እጅህን እንኳ ረስተህ የምትሄድ ሰው ነህ። ይኸው እዚህ ተጋድሟል፣ ይጫነኛል። ውሰድልኝ።»

አያ ደሴ ጎንበስ ብሎ እጁን አየው። የአባቴን ሻካራ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር ያለበትን እጅ። «አሁን ልወስደው አልችልም» አለ። «ዳገቱን ታውቀዋለህ። ይዤው ስወጣ ይወድቅብኛል። አንተ ዘንድ ይቆይልኝ።»

«እኔ ምን አግብቶኝ?»

«አደራ፣ አበጀ።»

የአባቴ ፊት ተለወጠ፤ ያ በጓን ሲጠብቅ የነበረው ፊት መጣ። «አደራ ነው ያልከኝ?»

«አደራ አልኩህ።»

ቀኝ እጁን ቀስ እያለ ሰደደ፤ ዳበሰ፤ አገኘው። ያን የገፋውን እጅ አንጓው ላይ ያዘና ወደ ደረቱ ሳበው። ጋቢውን ጎትቶ አለበሰው። «ይበርደዋል» አለ። ከዚያ ያሰበው ነገር ያሳሰበው መሰለ። «ብሞትስ?»

«አትሞትም።»

«ብሞትስ ነው የምልህ። የሰው አደራ ይዤ አልቀበርም። ስሞት መጥተህ ተረከብ።»

አያ ደሴ ወለሉን አየ። «ከቀብሬ አይቁም ብለህ ገዝተኸኛል እኮ።»

አባቴ የያዘውን እጅ ይበልጥ ወደ ደረቱ ሳበው። «ያ የበሬው ነገር ነው» አለ። «ይህ ሌላ ነው። በሬዬን ስለሰወርክ አልማርኩህም። አደራን ግን ግዝት አይከለክለውም። ና ብዬሃለሁ፤ ና። ወለላ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ።

አረብ አገር መሄዱን ተውኩት። ማንም አልለመነኝም፤ እንዲያው አልሄድኩም። አባቴን ወደ ቤት መለስነውና ያን ክረምት የእሱ ግራ ሆንኩ። በልቶ ሲጨርስና ራበኝ ሲል ሰሃኑን አዞርለታለሁ፤ «አሁን ጨመርሽ» ብሎ ይበላል። እጁን ግን እኔ እንድነካው አይፈቅድም። ራሱ በቀኝ እጁ ያጥበዋል፣ «ቅቤ አምጭ፣ የሰው ነው፣ እንዳይሻክር» ይላል። የራሱ ቀኝ እጅ ተሰነጣጥቆ ያ በአደራ የያዘው እጅ እንደ ሕፃን ለሰለሰ። አያ ደሴ በየቀኑ ይመጣል፤ በቀኝ ዞሮ ይቀመጣል፤ አንድ እጁን ይሸሽጋል። አባቴ ሁልጊዜ መጀመሪያ «በሬዬስ?» ይለዋል። ቀጥሎ «እጅህ ደህና ነው» ይለዋል። ሁለቱንም አንድ ቀን እንኳ አልረሳም። በሬውን ደብቆብኛል እንዳለ ሞተ። ሐኪሙ የፈራው ደረሰ፤ ገብሱ ሲያሸት እንደገና መታው፤ ከዚያ አልተነሣም።

የቀብሩ ዕለት አያ ደሴ ጋቢውን ከራሱ ላይ ተከናንቦ ከአጥራችን ውጪ ቆመ። አጎቴ በሩን ይዟል። «ተገዝተሃል። ሁላችን ሰምተናል።» እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ከሙሾው መሐል ተነሥታ ወጣች።

«አበጀ ዘንድ አደራ አለው» አለች። «ተረከብ ብሎታል። እኔ እማኝ ነኝ። ይግባ።»

አጎቴ ወደ ንስሐ አባታችን አየ። እሳቸው መስቀላቸውን እንደያዙ «የአደራው ባለቤት ይለፍ» አሉ።

እየገነዙት ነበር። ገናዦቹ ተቸግረዋል፤ የአባቴ ቀኝ እጅ ግራውን አንጓው ላይ እንደያዘ ደርቋል፣ አልላቀቅ ብሏቸዋል። እበሩ ላይ ሆኜ ነው የማየው። አያ ደሴ ተንበረከከ። በቀኝ ዞሮ። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየደባበሰ ፈታቸው። ግራ እጁን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው፤ ከዚያ ከጎኑ አሳረፈው።

«ተረክቤያለሁ፣ አበጀ» አለው። «ምንም አልጎደለም።»

ይህን የማወራችሁ አንድም ልለምናችሁ ብዬ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ድንገት ግማሽ ሰሃን የሚተው፣ አንድ እጅጌ ብቻ የሚለብስ፣ በአንድ ጎኑ ግድግዳ የሚገጭ ሰው ካያችሁ አትሳቁ፣ ማን ምን አደረገበት ብላችሁም አትጣሉ። ተሸክማችሁ ሩጡ። ቀኑ ሳይመሽ ሩጡ።

ሌላው የራሴ ነው። ጠባዬ አልተለወጠም፤ ዛሬም አፌ ይቀድማል፣ ዛሬም መቀመጥ አልችልም። ግን አንድ ሰው ፊቴ የቆመውን ነገር የለም ብሎ ሲምልብኝ፣ እንደ በፊቱ ጮኼ አላሳየውም። ዞሬ ከእሱ በኩል እቆማለሁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኩል በእውነት አይታይም። የኔስ ጭንቅላት ከየትኛው ጎን ያለውን ነገር እንዳልነገረኝ በምን አውቃለሁ? አባቴም አላወቀም።

ቡሬና ዳልቻ አሁንም አብረው ይጠመዳሉ። ማሳችንን የሚያርስልን አያ ደሴ ነው። ሰኔ ሲመጣ ማለዳ ቁርስ አደርስለታለሁ። ከቀንበሩ ኋላ ይቆምና፣ እርፉን ከመያዙ በፊት፣ ሁልጊዜ እጁን ወደ ግራ ይሰዳል። የቡሬን ጎን መታ መታ ያደርጋል።

«አለ» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን። «ይኸው፣ አበጀ። አለ።»